«እዚያ ሙገሳ ብቻ ነው» ለሚሉኝ ምን ልበል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ያወራሉ፤ ስለ ፈጠራ ጽሑፍ ዎርክሾፕ፣ ማለትም ሰዎች ተሰብስበው ረቂቃቸውን እያነበቡ አስተያየት ስለሚሰጣጡበት ቡድን። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ማን ይምራው? ምን ይባላል፣ ምን አይባልም? እንዲህ ያሉ ቡድኖችን በማወያየት ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ጉዳዩ የልቤ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ከእሱ ልጀምር።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አጫጭር ታሪኮች እጽፋለሁ፤ ለማንም ግን አላሳይም ነበር። ከዓመታት በፊት ደፈር ብዬ አንድ የጽሑፍ ቡድን ውስጥ ገባሁ። ተራዬ ደርሶ ታሪኬን አነበብኩ። ገና ከመጨረሴ አንዱ «ይሄ እኮ ታሪክ አይደለም፣ ሪፖርት ነው» አለ። ሌላው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም እየተቀባበሉ ቀጠሉ። ቡድኑን የሚመራው ሰውዬ በመጨረሻ «ትችት የማይችል ሰው ባይጽፍ ይሻለዋል» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ቀን ወዲህ እስክሪብቶ አላነሳሁም።

አሁን አንዲት ጓደኛዬ ሌላ ዎርክሾፕ አግኝታ ነይ ነይ ትለኛለች። አወያይዋ ሰው የምታከብር ናት አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «እዚያ ሙገሳ ብቻ ነው፤ ተሸነጋግላችሁ ነው የምትለያዩት» ይለኛል። ማንን ልስማ? «አይዞሽ» የሚል ቡድን እውነት ጸሐፊ ያሳድጋል ወይስ ያሞኛል?

— ጽፋ ያቆመች

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሳቁብሽ ነገር አሳዝኖኛል። የበለጠ ያሳዘነኝ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ታሪክሽን ከልቡ የሰማ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። «ሪፖርት ነው» የሚለው ቃል ምን ይነግርሻል? ሰውየው የሰለቸው የትኛው አንቀጽ ላይ ነው? ገጸ ባሕርይዋ ከዓይኑ የጠፋችው የት ቦታ ነው? አልነገረሽም። ለመንገር ደግሞ በትኩረት ማዳመጥ ነበረበት። ማዋረድ ከማዳመጥ ይቀላል። አንድ ቃል ወርውሮ፣ አዋቂ መስሎ መቀመጥ ነው።

ወንድምሽ የሚፈራው ነገርም አለ፤ ከባዶ አልተነሣም። «በጣም ያምራል፣ ልቤን ነካኝ፣ በርቺ» ተብሎ የሚያበቃ ቡድን አይቻለሁ። ሁሉም ደስ ብሎት ይወጣል። ረቂቁ ግን እንደገባ ይወጣል። ይህን እኔ ድጋፍ አልለውም። ስድቡም ሙገሳውም አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ ሁለቱም ከጽሑፉ ይሸሻሉ። እኔ የምሟገትለት ቡድን ጽሑፉ ላይ የሚቆይ ነው። ጸሐፊዋን ከዘለፋ ይጠብቃታል፤ ምክንያቱም የፈራ ሰው አይሰማም። ሰውነቱ እዚያ ተቀምጦ ልቡ ምን ብዬ ልመልስ እያለ ነው። ሲረጋጋ ግን ስለ ጽሑፉ በጣም ከባድ የሆነ ነገር እንኳ መስማት ይችላል።

አንድ ጊዜ የሆነውን ላጫውትሽ። ጸሐፊው ተናገሪው ብሎ ፈቅዶልኛል። ስለ አባቱ ሁለት ገጽ ጽፎ መጣ። «አባቴ ጨካኝ ሰው ነበር» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ጭካኔን እየተነተነ ይሄዳል። ፍርሃት፣ ጨለማ፣ የተሰበረ ልጅነት፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ትልልቅ ቃላት። መሐል ላይ አንዲት መስመር አለች፤ «ከመምታቱ በፊት ሰዓቱን ከእጁ ይፈታና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል።» እሷን አልፎ ወደ ትልልቆቹ ቃላት ይመለሳል። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱ እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር ሊሆን ይችል ነበር። አንዱ «ትልልቅ ቃላት በዝተዋል» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሌላው «አይዞህ» ይላል፤ እሱም ከልቡ ነው። እኔ ሁለቱንም ቀደምኩና አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። «ወረቀቱን ሳታዩ፣ አሁን ዓይናችሁ ላይ የቀረው ምንድን ነው?» አንዷ «ሰዓቱ» አለች። ሌላው «እኔም ሰዓቱ። ተረጋግቶ ሲፈታው» አለ። ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ቆይቶ «እንዳይሰበርበት ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። «ጨካኝ» የሚለውን ቃል ማንም አላነሳውም። ጸሐፊው ቀና ብሎ «ይህችን መስመር እኮ ልሰርዛት ነበር፣ ተራ ነገር መስላኝ» አለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ታሪኩ ከሰዓቱ ይጀምር ነበር። ልጁ ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ የማሰሪያውን ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ብረቱ ጠረጴዛውን ሲነካ ይሰማል። ስንት እርምጃ እንደቀረው ያውቃል። «ጨካኝ» የሚል ቃል የትም የለም። ከመጀመሪያው ረቂቅ ግማሹ ወድቋል፤ የጣለውም ራሱ ነው። ማንም ቁረጥ አላለውም፣ ማንም አላሞገሰውም። ለወንድምሽ ይህንን ንገሪው። ጸሐፊውን የሚደግፍ ቡድን ሥራ ያበዛል እንጂ አይቀንስም። ሰው የሚሰማው እንዳለ ሲያውቅ አራተኛና አምስተኛ ረቂቅ ለመጻፍ ጉልበት ያገኛል።

አወያይ የምታስፈልገው በተለይ ለዚያች ቅጽበት ነው፤ ንባቡ አብቅቶ የመጀመሪያው ሰው እስኪናገር ድረስ ላለችው። ቡድን የመጀመሪያውን ተናጋሪ ይከተላል። አንዱ «ሰለቸኝ» ካለ ቀጥሎ የሚናገሩት ሁሉ የሰለቻቸውን ቦታ ሲፈልጉ ይገኛሉ። አንቺም የደረሰብሽ ይኸው ነው። ጥሩ አወያይ ያችን ቅጽበት ለዕድል አትተዋትም።

አስተያየት ስለሚሰጥበት መንገድ የተጨነቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፊዎች ዎርክሾፕ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ከእሱ ጋር ስሙ የሚነሳ አንድ ልማድ በብዙ ቦታ ተስፋፍቷል፤ ረቂቁ ሲወያዩበት ጸሐፊው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ምክንያት አለው። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ጸሐፊው ከእያንዳንዱ አንባቢ ጎን ቁጭ ብሎ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ሊል አይችልም። ስለዚህ ገጹ ብቻውን ምን እንደሚናገር ይስማ ነው ነገሩ። ሰው በሚከበርበት ክፍል ይህ ዝምታ ይጠቅማል። በማይከበርበት ክፍል ግን አፍን መዝጊያ ይሆናል። ጸሐፊዋ ያልጻፈችው ነገር ሲተችባት እንኳ ቁጭ ብላ ታያለች።

ሊዝ ለርማን የተባሉ አሜሪካዊት የዳንስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1990 ሌላ መንገድ ቀየሱ። በዳንስ ሥራ ላይ ይሰጥ የነበረው አስተያየት ደስ አላሰኛቸውም ነበር። መንገዳቸው ዛሬ በጽሑፍ ዎርክሾፖችም ይሠራበታል። አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አድማጮች በሥራው ውስጥ ትርጉም የሰጣቸውን፣ የቀረባቸውን፣ ያስገረማቸውን ይናገራሉ። ቀጥሎ ጥያቄ የምትጠይቀው የሥራው ባለቤት ናት። ሦስተኛ፣ አድማጮች ይጠይቋታል፤ ጥያቄያቸው ግን ፍርድ ያልተደበቀበት መሆን አለበት። አስተያየት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም አስፈቅዶ። «ስለ መጨረሻው አንቀጽ አስተያየት አለኝ፣ መስማት ትፈልጊያለሽ?» ይባላል። «አልፈልግም» ማለትም ይቻላል።

ከአራቱ እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። «መጨረሻውን ለምን አቻኮልሽው?» ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ፍርዱ ውስጡ አለ። «አንባቢው ከእናትየው ጋር በሩ ላይ ምን ያህል እንዲቆይ ፈለግሽ?» ሲባል ግን ጸሐፊዋ ታስባለች። አንዳንዴ «ኧረ ቶሎ ነው የወጣሁት» ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ «እንዲቻኮል ነው የፈለግኩት» ትልና ለምን እንደሆነ ስታስረዳ ለራሷም ይገለጥላታል። የሰዎች አጠያየቅ በዚህ ልምምድ ሲቀየር ማየት የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታዬ ነው። የሰው ረቂቅ ላይ እንዲህ መጠየቅ የለመደ ሰው ማታ የራሱንም ረቂቅ እንዲሁ ይጠይቃል። ብዙዎች ከራሳቸው ተራ ይልቅ በሌሎች ተራ የበለጠ ይማራሉ የምለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከጓደኛሽ ጋር ሂጂ። የመጀመሪያ ቀን አታንብቢ፣ ተቀመጪና ተመልከቺ። አወያይዋ «ዛሬ አዳምጪ ብቻ» ካለችሽ ጥሩ ምልክት ነው። ሰው አንብቦ ሲጨርስ እሷን እያት። አስተያየት የሚሰጠው ሰው ጣቱን መስመሩ ላይ እንዲያደርግ ትጠይቀዋለች ወይ? ታሪኩ ውስጥ «እኔ» የሚለውን ሰው «ተራኪው» ትለዋለች ወይስ «አንተ» ትለዋለች? አንድ ሰው ከጽሑፉ ወጥቶ ወደ ጸሐፊው ሲዞር ታስቆመዋለች ወይ? ሳታዋርደው ካስቆመችው፣ እህቴ፣ እዚያ ቤት ግቢ። ሁሉም ነገር «ያምራል» ብቻ ከሆነ ግን ወንድምሽ ልክ ነው፣ ሌላ ፈልጊ።

ስታነቢ ደግሞ ያን ቀን የተሳቀበትን ታሪክ አትውሰጂ። እሱ ጊዜ ይፈልጋል። አዲስ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ከማንበብሽ በፊት ምን መስማት እንደምትፈልጊ ተናገሪ። «ዛሬ ሴትየዋ ትታያችሁ እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ» ማለት መብትሽ ነው። ስትጀምሪ ጻፊልኝ፤ ብትልኪልኝ ግማሽ ገጿን በደስታ አነባለሁ።

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የንባብ ቡድን አለን። በቅርቡ የራሳችንን ጽሑፍ እናንብብ ተባለና አወያይ አንተ ሁን አሉኝ። ያሳተምኩት ነገር የለም። በዚያ ላይ አንድ አባላችን ንግግር ከጀመረ አያቆምም፤ ሁለት ልጆች ደግሞ ጭራሽ አይናገሩም። ምን ብቃት አለኝ ብዬ ልምራ? ከየት ልጀምር?

— ሳያስበው የተመረጠ

መልስ፦

ወንድሜ፣ የመረጡህ የምታዳምጥ ሰው ስለሆንክ ይመስለኛል፤ ለዚህ ሥራ ዋናው እሱ ነው። ብዙ መጽሐፍ አሳትሞ ሰው ማወያየት የማይሆንለት አለ። ራሱ እንደሚጽፈው ካልጻፉ አይሰማቸውም። የአንተ ሥራ እያንዳንዱ ሰው መጻፍ የፈለገውን ነገር እንዲጽፍ መርዳት ነው። አንተ የምትወደው ዓይነት ሆነም አልሆነ።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስላ። ብዙ ቡድን የሚፈርሰው በጠብ ሳይሆን በሰዓት ነው። ስብሰባችሁ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ 120 ደቂቃ አላችሁ። ስምንት ሰው ሁሉም ያንብብ ካልክ ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ንባቡም ውይይቱም በእሱ ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ የሚያነቡት ሁልጊዜ ይጎዳሉ፤ ሰው ሁሉ ደክሞ ስልኩን ማየት ይጀምራል። ስለዚህ በአንድ ስብሰባ ሦስት ወይም አራት ሰው ብቻ ያንብብ። ተራው አስቀድሞ ይታወቅ። ለመጨረሻው ሰው የተመደበውን ደቂቃ እንደ አደራ ጠብቀው።

ሁለተኛ፣ ከእነሱ ጋር ጻፍ። ፓት ሽናይደር የተባሉ አሜሪካዊት ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመሩት አሠራር አለ። በእሱ ውስጥ አወያዩ ከተሳታፊዎቹ ጋር አብሮ ይጽፋል፤ የጻፈውንም ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ ይህን ለብዙ ጊዜ ሠርቼበታለሁ። ገና ቀለሙ ያልደረቀ፣ ድክመቱ የሚታይ አንቀጽ አወያዩ ሲያነብ ሌላው ሰው ትከሻው ቀለል ይለዋል። እነዚያ የማይናገሩት ልጆች ብዙ ጊዜ አፋቸውን የሚከፍቱት ያን ጊዜ ነው።

በዚያው አሠራር ሌላ የምወደው ደንብ አለ። እዚያው ተጽፎ እዚያው በተነበበ ጽሑፍ ላይ ትችት የለም። የሚነገረው የወደድነውና አእምሯችን ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። ወንድሜ፣ ይህን ከሙገሳ ጋር አታምታታው። ጽሑፉ የተወለደው ከአሥር ደቂቃ በፊት ነው፤ ምን ሊሆን እንደሚፈልግ ገና አልታወቀም። ቤት ወስዶ ሠርቶበት፣ ኮፒ አድርጎ ለሁሉም ሰጥቶ ሲመለስ ያን ጊዜ ይተቻል፤ በደንብ ይተቻል። የሚጻፍበትንና የሚታረምበትን ጊዜ ለይተህ አስቀምጥላቸው።

ስለዚያ ተናጋሪ ሰውዬ። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ክፉ አይደለም፤ ጽሑፍ ይወዳል። ሰው ፊት አታሳፍረው። ደንብ ለሁሉም አውጣ፤ በመጀመሪያው ዙር አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ ዙሩ ሳያልቅ ማንም አይደግምም። ከጽሑፉ ወጥቶ ስለ ሥነ ጽሑፍ በጠቅላላው መተንተን ሲጀምር «የትኛው መስመር ላይ ነው?» ብለህ ጠይቀው። ይህች ጥያቄ ረጅም ንግግር ታሳጥራለች፤ ቅሬታም አታመጣም። መስመሩን ካገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነገር ይናገራል። ካልሆነ ከስብሰባው በኋላ ለብቻችሁ አነጋግረው፤ ዝም የሚሉት ልጆች እንዲናገሩ እንዲያግዝህ ለምነው።

ለዝምተኞቹ «ምን ተሰማችሁ?» አትበላቸው። ከባድ ጥያቄ ነው። «ከጽሑፉ አንድ የወደድከውን መስመር አንብብልን» በለው። ያነባል። በራሱ ድምፅ፣ የሌላ ሰው መስመር። ጸሐፊው የራሱን ዐረፍተ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ፊቱን ተመልከተው። ያ ራሱ አስተያየት ነው።

ሌላው ሁሉ እየሠራህ የምትማረው ነው። ውይይቱን የመዝጋት ዕድል ግን ለጸሐፊው ስጠው። «ከሰማኸው የትኛውን ይዘህ ትሄዳለህ?» ብለህ ጠይቀውና በመልሱ ይለቅ። ክርክር አታስከትልበት።

ጥያቄ፦

እንደምን አለሽ ልጄ። ዕድሜዬ ከስድሳ አልፏል። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ስለ እሷ መጻፍ ጀመርኩ። በአንድ ዎርክሾፕ ተመዝግቤ ሁለት ገጽ ሳነብ ማልቀስ መጣብኝ። አወያዩ ጥሩ ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ልቀጥልልዎት ወይስ እናቁም?» አለኝ። እሱ ቀጠለልኝ። ቤቴ ስገባ ግን ኀፍረት ያዘኝ። ሰው የመጣው ጽሑፍ ሊማር ነው፤ የእኔን ሐዘን ለምን ይሸከማል? ልተወው?

— ሐዘንተኛው

መልስ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። አይተዉት።

ያ አወያይ ያደረገውን ልብ ብለውታል? «አይዞዎት፣ ይበቃል» ብሎ ጽሑፉን አልዘጋውም። ምርጫውን ለእርስዎ ሰጠ፤ ገጹም እስከ መጨረሻው ተሰማ። ባለቤትዎ በዚያ ክፍል ውስጥ ሳይቋረጡ ታወቁ። እንዲህ ያለ አወያይ ያገኘ ሰው ባይለቀው ደስ ይለኛል።

መጻፍ ለልብ ምን እንደሚያደርግ የተጠና ነገር አለ። ጄምስ ፔኔቤከር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር፣ የሆነውንም የተሰማቸውንም አጣምረው የጻፉት ተማሪዎች ጽፈው እንደተነሡ ስሜታቸው ከብዶ ነበር። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ግን ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል እንዲያስተውሉት እፈልጋለሁ፤ ጽፈው እንደተነሡ ከብዷቸው ነበር። የእርስዎም ዕንባ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ዎርክሾፕ ግን ሕክምና አይደለም፣ አወያዩም ሐኪም አይደለም። እንቅልፍ እምቢ ካለዎት፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ቀኑ አልገፋ ካለዎት የሚያክም ሰው ጋ ይሂዱ፤ ለልጆችዎም ይንገሩ። ጽሑፉም አብሮ ይቀጥላል፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሌሎቹስ ለምን ይሸከማሉ ላሉት፣ በደንብ የሚመራ ቡድን ሐዘንዎን እንዲሸከም አይጠየቅም። የሚጠየቀው ገጹን እንዲያይ ነው። «ጫማዋን ከበሩ ጀርባ ያላነሣው ለምንድን ነው?» ብለው ስለ ተራኪው ሲጠይቁ እርስዎም ከራስዎ ትንሽ ራቅ ብለው ያንን ሰው ያዩታል። ብዙ ሐዘንተኞች ይህን ርቀት እንደ ዕረፍት ያገኙታል። ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ስለ ሞታቸው ሳይሆን ስለ አንድ ተራ ቀን ይጻፉ። ምን ብለው ይቆጡዎት ነበር? ሲስቁ እጃቸውን የት ያደርጉ ነበር? እሱን ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦

ዎርክሾፕ ውስጥ ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?

— ሰጊ

መልስ፦

ፍርሃትህ ይገባኛል። ነገር ግን እኔ እስከማውቀው ለአንድ ቡድን አንድ ርዕስ ሰጥተህ ሁለት ተመሳሳይ ታሪክ አታገኝም። «የተዘጋ በር» በሉና ጻፉ፤ አንዱ ስለ እስር ይጽፋል፣ ሌላዋ ስለ ሠርግ። ሐሳቡን የአንተ የሚያደርገው አጻጻፍህ ነው። ለማንኛውም አወያይህ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ነገር ጮክ ብሎ ማስነገር አለበት፤ እዚህ የተነበበ ጽሑፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከዚህ አይወጣም፣ ፎቶም አይነሳም። ረቂቅህ ላይ ስምህንና ቀኑን ጻፍ፤ ኮፒዎቹን ስትወጣ ሰብስብ። በዚህ ተረጋግተህ አንብብ።

ጥያቄ፦

አምስት ጓደኛሞች ነን። የምንኖረው በተለያየ ቦታ ነው፤ አወያይም የለንም። በቴሌግራም ብቻ መሥራት ይቻላል? ሞክረን ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሞቅ ብሎ ቀዘቀዘ።

— አምስቱ

መልስ፦

ይቻላል። ፒተር ኤልቦ የተባሉ የጽሑፍ መምህር አስተማሪ የሌለበት የጽሑፍ ቡድን እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1973 ጽፈዋል። የእሳቸው ምክር በእናንተ ሁኔታ በደንብ ያገለግላል። አንባቢው ዳኛ አይሁን፤ ሲያነብ በውስጡ የሆነውን ብቻ ይናገር። «እዚህ ጋ ፈገግ አልኩ፣ እዚህ ጋ ማን እንደሚናገር ጠፋኝ፣ እዚህ ጋ ወደ ኋላ ተመልሼ አነበብኩ።» ይህን ለማለት የሥነ ጽሑፍ ዲግሪ አያስፈልግም፤ በትኩረት ማንበብ ብቻ ነው። ጸሐፊውም አይከራከርም። ሰው «ጠፋኝ» ካለ ጠፍቶታል።

የቀዘቀዘባችሁ ግን ሌላ ምክንያት ያለው ይመስለኛል። አወያይ ከሌለ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ሁሉም በፈለገው ሰዓት ይልካል፤ ከሥሩ የልብ ምልክት ይደረጋል፤ ቀጣዩ መልእክት ይመጣና ጽሑፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጽፎ የላከ ሰው በልብ ምልክት አይጠግብም። ስለዚህ የአወያይነቱን ሥራ በየተራ ያዙት። በሳምንት የአንድ ሰው ጽሑፍ ብቻ ይላክ፤ አምስት ስለሆናችሁ ተራው በየአምስት ሳምንቱ ይደርሳችኋል። የሳምንቱ አወያይ ከጸሐፊው ሌላ ሰው ይሁን። ጸሐፊው ከጽሑፉ ጋር አንድ ጥያቄ ይላክ። ሌሎቻችሁ በሦስት ቀን ውስጥ በድምፅ መልሱ፤ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ። መጀመሪያ የቀረባችሁን መስመር አንብቡ፣ ከዚያ የሆናችሁትን ተናገሩ። በጽሑፍ «ጥሩ ነው» ከማለት በድምፅ መናገር ይሻላል፤ ሰው ሲያመነታ፣ ሲስቅ፣ ሲያስብ ይሰማል።

ያልመለሰ ሰው ካለ የሳምንቱ አወያይ ደውሎ ይጠይቀው። አይቆጣው፤ ደህና መሆኑን ይጠይቀው፣ ጽሑፉ እየጠበቀው እንደሆነም ይንገረው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በቪዲዮ ተገናኙና አሥር ደቂቃ አብራችሁ ጻፉ። የመጀመሪያውን ተራ በጣም የሚፈራው ሰው ባይወስድ ጥሩ ነው። ሁለተኛውን ስጡት።